በባርሴሎና የትኛውን ቋንቋ እንናገር? ከአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ የተገኘ ተሞክሮ

ወደ ስፔን አዲስ የሚመጡ ኢትዮጵያውያን ስልኬን ከሰው ተቀብለው ሲደውሉልኝ ከሥራና ከቤት ኪራይ ቀጥሎ የሚያነሡት ጥያቄ የቋንቋ ነው። «ስፓኒሽ ልማር ወይስ ካታላንኛ?» ይላሉ፤ ካታላንኛ ባርሴሎና ያለችበት የካታሎኒያ ክልል ቋንቋ ነው። ትንሽ የቆዩት ደግሞ ሌላ ይጨምራሉ፤ «የምሠራው ከላቲን አሜሪካ ሰዎች ጋር ነው። የእነሱ ስፓኒሽ የተበላሸ ነው ይባላል፤ ከእነሱ ብማር ይጎዳኛል?» እኔ ባርሴሎናና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች አረጋውያንን በመንከባከብ የምተዳደር ሴት ነኝ። በዚህ ሥራ ቋንቋ ጌጥ አይደለም። የታመመ ሰው የቱ ጋ እንደሚያመው ሲነግራችሁ መስማት አለባችሁ፤ ያልተረዳችሁት አንድ ቃል ሰውን ሌሊቱን ሙሉ ሊያሠቃይ ይችላል። ስለዚህ ይህን ጥያቄ አቅልዬ መልሼው አላውቅም።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ስፓኒሽን አብረዋችሁ ከሚሠሩና ከሚበሉ ሰዎች፣ ከየትኛውም አገር ይምጡ፣ ያለ ሐፍረት ተማሩ። ካታላንኛን ደግሞ ስፓኒሽ እስክትጨርሱ አታቆዩት፤ ስፓኒሽ የሚባል ነገር ተጨርሶ አያልቅም። በመጀመሪያው ዓመት ጀምሩት። ይህን የምለው ከየአቅጣጫው ተቃራኒውን ስለሚነግሯችሁ ነው። አንዱ «ካታላንኛ ምን ይሠራልሃል? ሁሉም ሰው ስፓኒሽ ያውቃል» ይላል። ሌላው «እዚህ እየኖሩ ካታላንኛ አለመናገር ንቀት ነው» ይላል። ሦስተኛው «ስፓኒሽ ከተማርክ የማድሪዱን ተማር እንጂ የሆንዱራሱን አትልመድ» ይላል። ሦስቱም ሰዎች ለእናንተ አስበው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሦስቱም የሚያወሩት ስለ ራሳቸው ታሪክ ነው። እናንተ የራሳችሁን ኑሮ አይታችሁ መወሰን አለባችሁ።

በመጀመሪያ ሕጉን እወቁ፤ ሕጉን ያወቀ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አይደናገጥም። የ1978ቱ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የስፔን ሕገ መንግሥት በ3ኛው አንቀጹ ካስቴያኖን፣ ማለትም እኛ ስፓኒሽ የምንለውን፣ የመላ አገሪቱ የመንግሥት ቋንቋ ያደርገዋል። ሌሎቹ ቋንቋዎች ደግሞ በየራሳቸው ራስ ገዝ ክልል አብረው ይሠራሉ። በካታሎኒያ በ2006ቱ የክልሉ መተዳደሪያ ሕግ መሠረት ሦስት ቋንቋዎች የሥራ ቋንቋ ናቸው፤ ካታላንኛ፣ ካስቴያኖ፣ እንዲሁም በፒሬኔ ተራሮች ውስጥ በአራን ሸለቆ የሚነገረው አራንኛ። ቢልባኦ የሚሄድ ሰው ከየትኛውም የአውሮፓ ቋንቋ ጋር የማይዛመደውን ባስክኛ ያገኛል። ጋሊሲያ የሚሄድ ለፖርቱጋልኛ የቀረበውን ጋሊሲያንኛ፣ ቫሌንሲያ የሚሄድ ደግሞ እዚያ ቫሌንሲያንኛ የሚሉትን የካታላንኛ ዘመድ ይሰማል። እንግዲህ በባርሴሎና ጤና ጣቢያም ሆነ ማዘጋጃ ቤት በስፓኒሽ የመስተናገድ መብት አላችሁ። ደብዳቤው፣ የማስታወቂያው ሰሌዳ፣ የባቡሩ ጥሪ፣ የልጃችሁ ትምህርት ቤት ወረቀት ግን በአብዛኛው በካታላንኛ ይመጣል። መብቱ ይህ ነው፤ ኑሮው ደግሞ ያ ነው።

አሁን ወደ ስፓኒሽ ዓይነቶች ልግባ፤ እዚህ ላይ ብዙ ነገር አለ።

በእንክብካቤ ሥራ አብረውኝ የዋሉት ሴቶች ከሆንዱራስ፣ ከኮሎምቢያ፣ ከፔሩ፣ ከአርጀንቲናና ከሞሮኮ የመጡ ናቸው። የምንንከባከባቸው አረጋውያን ደግሞ ግማሾቹ ካታላኖች፣ ግማሾቹ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ከአንዳሉሲያ፣ ከሙርሲያና ከኤክስትሬማዱራ ሥራ ፍለጋ ተሰድደው የመጡ ናቸው። ስለዚህ በአንድ ኮሪደር ላይ አምስት ዓይነት ስፓኒሽ ይነገራል። ለምሳሌ በረኪና። ስፔናዊቷ አለቃ «ሌኺያ» ትለዋለች፣ ሆንዱራሳዊቷ «ክሎሮ»፣ አርጀንቲናዊቷ «ላባንዲና»። ይህን አለማወቅ የቀልድ ነገር አይደለም፤ በረኪና ከአሞኒያ ጋር ከተቀላቀለ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ስለዚህ አዲስ ሠራተኛ ስትገባ ከሁሉ በፊት የማሳያት የጽዳት ዕቃዎቹን መደርደሪያ ነው፤ በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ በየአገሩ የሚጠራበትን ስም አንድ በአንድ አስጠናታለሁ። የወለል መወልወያውም እንዲሁ ነው፤ እዚህ «ፍሬጎና»፣ በአብዛኛው ላቲን አሜሪካ «ትራፔያዶር»።

ከዚህ የሚብሰው የሕመም ቃል ነው። እዚህ ስፔን አንዲት እናት «ኮንስቲፓዳ ነኝ» ካሉ ጉንፋን ይዟቸዋል ማለት ነው። በብዙ የላቲን አሜሪካ አገሮች ግን ይኸው ቃል የሆድ ድርቀት ነው። ተረኛዋ ሠራተኛ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ይህን ቃል ብቻ ጽፋ ከሄደች ቀጣይዋ ሽሮፕ ትስጥ ወይስ የሚያለሰልስ መድኃኒት? እኔ የምመክረው ሁልጊዜ የማያሻማውን መጻፍ ነው፤ ለድርቀት «ኤስትሬኚዶ»፣ ለጉንፋን «ሬስፍሪያዶ»። ሁለቱም በየትም አገር አንድ ናቸው። የምግቡ ቀላል ነው፤ ቢያሳስትም ሰው አይጎዳም። ኮሎምቢያ ውስጥ «ቲንቶ» ካላችሁ ጥቁር ቡና ይመጣላችኋል፣ ስፔን ውስጥ ቀይ ወይን ነው። «ቶርቲያ» እዚህ እንቁላልና ድንች ሲሆን ለሆንዱራሷ ሴት የበቆሎ ቂጣ ነው። አቮካዶ እዚህ «አጓካቴ»፣ ለፔሩና ለአርጀንቲና ሰዎች «ፓልታ» ነው። አንድ ቃል ግን ለይታችሁ ያዙ፤ ስፔን ውስጥ አውቶቡስ ለመያዝ ቀኑን ሙሉ የሚባለው «ኮኼር» በአርጀንቲናና በሜክሲኮ ነውረኛ ቃል ነው። ከእነዚህ አገሮች ሰዎች ጋር ስታወሩ «ቶማር» በሉ፤ ስፔናውያንም ይረዱታል።

ስለ ድምፁ ደግሞ ለአማርኛ ተናጋሪ መልካም ዜና አለኝ። ስፓኒሽ ለእኛ አፍ የተመቸ ነው። አንዳንድ አውሮፓውያን የሚቸገሩበት «ኝ» ከእኛ ፊደል ገበታ ላይ አለ፤ «ኤስፓኛ» ስንል ማንም አያርመንም። «ች»ም አለን። የሚያስቸግረን ፊደል ሳይሆን ልማድ ነው፤ በሁለት ተነባቢዎች መካከል ሳናስበው ሳድስ «እ» እንከታለን፣ የስፓኒሽ አናባቢ ግን አምስት ብቻ ነው፣ እያንዳንዱም ሁልጊዜ ጥርት ብሎ ይነገራል። ማድሪድና አብዛኛው የሰሜንና የመሃል ስፔን አንዳንዱን «ስ» ምላስን ከጥርስ መካከል አውጥቶ ይናገረዋል። መላው ላቲን አሜሪካ፣ የካናሪ ደሴቶችና ሰፊው የአንዳሉሲያ ክፍል ግን በቀጥታ «ስ» ይላሉ። እኛም «ስ» ብንል ፍጹም ትክክል ነው፤ ያንን የምላስ ድምፅ ለማምጣት የሚታገሉ ወገኖቻችንን ሳይ ጉልበታቸውን ለግሡ ቢያውሉት እላለሁ። ቦነስ አይረስ ውስጥ ደግሞ «ካዬ» የሚባለው መንገድ «ካሼ» ይሆናል፣ «ዮ» የሚባለው «እኔ» ደግሞ «ሾ» ይሆናል። አርጀንቲናዊ ሐኪም ቢገጥማችሁ እንዳትደናገጡ።

ጆሮ የሚፈትነው የአንዳሉሲያ አረጋውያን አነጋገር ነው። በኮርኔያ፣ በኦስፒታሌት፣ በሳንታ ኮሎማና በኖው ባሪስ ሰፈሮች የምትሠሩ ሁሉ ታገኟቸዋላችሁ። በቃል መጨረሻ ያለውን «ስ» ወደ ቀላል «ህ» ይለውጡታል ወይም ጨርሰው ይተውታል፤ በአናባቢዎች መካከል ያለውን «ድ»ም ይውጣሉ፣ «ፔስካዶ» የሚባለው ዓሣ «ፔስካኦ» ይሆናል፤ «ማስ ኦ ሜኖስ» ደግሞ «ማህ ኦ ሜኖ» ይሆናል። በትምህርት ቤት ስፓኒሽ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አይሰማም። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ አረጋውያኑ ስለ ልጅነታቸው እንዲያወሩ መጠየቅ። ስለ ወይራ ለቀማ፣ ስለ ረኀቡ ዘመን፣ በባቡር ተጭነው ወደ ባርሴሎና ስለመጡበት ቀን ሲያወሩ አይቸኩሉም፣ ታሪኩንም ደጋግመው ይነግሯችኋል። ከየትኛውም የድምፅ ልምምድ የበለጠ ትምህርት ይህ ነው። እናንተም ስደተኛ ናችሁና ለጠየቃችሁት ጥያቄ መልሱን ከልባቸው ይሰጣሉ።

ስለ አክብሮት አጠራር ሳልናገር አላልፍም፤ እኛ በዚህ ጥንቁቆች ነን። ስፓኒሽ «ቱ» እና «ኡስቴድ» አለው፤ አንተና እርስዎ እንደማለት ነው። ስፔን ውስጥ ግን «ቱ» ሰፍቷል፤ ወጣት ነርስ የሰማንያ ዓመት ሴትን «ቱ» ስትል ትሰማላችሁ፣ ንቀትም አይደለም። ኮሎምቢያ ውስጥ በተቃራኒው እናት ልጇን፣ ሚስት ባሏን «ኡስቴድ» የምትልባቸው አካባቢዎች ብዙ ናቸው። ሆንዱራሳውያን፣ ሳልቫዶራውያን፣ ኒካራጓውያን፣ አርጀንቲናውያንና ኡሩጓውያን ደግሞ ለቅርብ ሰው «ቦስ» ይላሉ፤ ግሡም ይለወጣል። ስፔናዊው «ቱ ቲዬኔስ» ሲል እነሱ «ቦስ ቴኔስ» ይላሉ። ብዙ ሰዎችን በአንድነት ሲጠሩ ስፔናውያን «ቦሶትሮስ» ይላሉ፤ ላቲን አሜሪካ ግን ለሁሉም «ኡስቴዴስ» ብቻ ነው። የእኔ ምክር እንዲህ ነው፤ አረጋውያንን በ«ኡስቴድ» ጀምሩ፣ «ቱ በይኝ» ሲሏችሁ ብቻ ተዉት። ያሳደገን ቤት ያስተማረን ይህንኑ ነው፤ በማንኛውም የስፓኒሽ አገር አያስነቅፍም። ብዙ አረጋውያን ደስታቸውን በፊታቸው ያሳያሉ።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ነገር ልምጣ። አንዳንድ ሰዎች የሆንዱራሷን ሴት «ቦስ አትበይ፣ እዚህ በትክክል ነው የሚነገረው» ሲሏት ሰምቻለሁ፤ እሷም አንገቷን ስትደፋ አይቻለሁ። ይህ ሐሰት ነው፣ ሐሰት መሆኑንም ማወቅ አለባችሁ። ስፓኒሽን በእናት ቋንቋነት ከሚናገሩት 500 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች መካከል በስፔን የሚኖሩት ከአሥሩ አንድ ያህል ብቻ ናቸው። «ቦስ» የተባለው አጠራር ሆንዱራስ ውስጥ የተፈጠረ አይደለም፤ በድሮዋ ስፔን የአክብሮት አጠራር ነበር፣ እዚያ ጠፍቶ በአሜሪካ ቀረ። «ስ» የሚለው አነጋገርም የሄደው ከአንዳሉሲያና ከካናሪ ደሴቶች በመርከብ ነው፤ ወደ አሜሪካ የሚደረገው ጉዞና ንግድ ለረጅም ጊዜ በሴቪያ በኩል ስለነበር። በ1713 የተቋቋመው የማድሪዱ የቋንቋ አካዳሚ ራሱ ዛሬ ብቻውን አይወስንም፤ በ1951 በተመሠረተው ማኅበር ከአሜሪካ አገሮች፣ ከፊሊፒንስና ከሌሎችም አካዳሚዎች ጋር ነው የሚሠራው። በ2009 የታተመውን ትልቅ ሰዋስው ሁሉም በአንድነት አውጥተውታል፤ «ቦስ»ም በዚያ ውስጥ በክብር ተመዝግቧል። ለዜግነት የሚፈተኑት ዴሌ የተባለው የስፓኒሽ ቋንቋ ፈተናም የየትኛውንም አገር የተማሩ ሰዎች አነጋገር ይቀበላል። የሚፈለገው አንዱን መርጦ ሳያደባልቁ መናገር ነው። ስለዚህ ከሆንዱራስ ሴት ተማሩ፤ ታጋሽ ናት፣ ቀስ ብላ ትናገራለች፣ ስትሳሳቱ አትሥቅባችሁም፣ ደግሞም ዘወትር አብራችሁ ናት። የሰው ልጅ ቋንቋ የሚለምደው እንዲህ ካለው ሰው ነው።

እኛም ይህን ከራሳችን አገር እናውቀዋለን። የጎጃሙን፣ የወሎውን፣ የመንዙን አማርኛ እየለየ የሚሥቅ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ አይጠፋም፤ የተሣቀበት ሰው ስሜት ምን እንደሆነ የማያውቅ ካለ ይጠይቅ።

ካታላንኛ ላይ ስንደርስ ጉዳዩ ጠለቅ ይላል። ከ1939 እስከ 1975 በዘለቀው የአምባገነኑ ፍራንኮ አገዛዝ ካታላንኛ ከትምህርት ቤትና ከመንግሥት ቢሮ ተባርሮ ነበር። ዛሬ የምንንከባከባቸው ካታላናውያን አዛውንት ቤት ውስጥ በተናገሩት ቋንቋ ፊደል ያልቆጠሩ ልጆች ነበሩ። ብዙዎቹ በእናታቸው ቋንቋ ደብዳቤ መጻፍ አይችሉም፤ ይህን ሲነግሯችሁ ድምፃቸው ይለወጣል። በ1983 የወጣው ሕግ ቋንቋውን ወደ ትምህርት ቤት መለሰው። ይሁን እንጂ ክልሉ ባወጣው የ2023 ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ነዋሪዎች ካታላንኛን የዘወትር ቋንቋዬ የሚሉት 32.6 በመቶ ናቸው፤ ስፓኒሽን የሚሉት 46.5 በመቶ። የሚረዱት ግን ከመቶ ከ93 በላይ ናቸው። እንግዲህ አንድ ሰው «ካታላንኛ ተማሩ» ብሎ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ከጀርባው ቋንቋችን ይጠፋል የሚል ፍርሃት አለ። ይህን ማወቅ ቁጣውን ባያስወድድም ምንጩን ያሳያል። ስለ ካታሎኒያ ነጻነት ከተካሄደው የ2017ቱ ሕዝበ ውሳኔ ወዲህ ቋንቋና ፖለቲካ ይበልጥ ተያይዘዋል፤ በትምህርት ቤት ስንት በመቶው በስፓኒሽ ይሰጥ የሚለውም እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሷል። በዚህ ክርክር ወገን እንድትይዙ ሲጠይቋችሁ የመመለስ ግዴታ የለባችሁም። ቋንቋውን መማር የማንንም ባንዲራ መያዝ አይደለም።

እኔን ካታላንኛ ያስተማረኝ ክርክሩ ሳይሆን ሥራው ነው። አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሁለቱንም ቋንቋ አቀላጥፈው የተናገሩ። የመርሳት በሽታው እየጠናባቸው ሲሄድ ስፓኒሹ ራቃቸው። በኋላ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ መጥፋቱ በዚህ በሽታ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር ነው። ማታ ማታ «ታንከ ለ ፊኔስትረ» እያሉ ይጮኹ ነበር። መስኮቱን ዝጉልኝ ማለታቸው ነው፤ በርዷቸዋል። በስፓኒሽ መስኮት «ቬንታና» ነው፣ መዝጋትም ሌላ ቃል ነው፤ ስፓኒሽ ብቻ የምታውቅ ሠራተኛ ልትገምተው አትችልም። «በሽታው ነው፣ ይቃዣሉ» ተብሎ የሚታለፍ ጩኸት ቀላል ጥያቄ ነበር። ከዚያ ወዲህ አዲስ ለሚገቡ ሴቶች ሁሉ የማስጠናቸው ጥቂት ቃላት አሉ፤ ትራስ «ኩሺ»፣ ጀርባ «ኧስኬነ»፣ ጉልበት «ዠኖይ»፣ መነጽር «ኡዬረስ»፣ ያመኛል «ኧም ፋ ማል»። አብዛኞቹ ከስፓኒሹ ቃል ጋር አይገናኙም። በእንክብካቤ ሥራ የተሰማራችሁ ሁሉ፣ ሌላውን ካታላንኛ ብትተዉት እንኳ የሰውነትን፣ የሕመምንና የአልጋን ቃላት ተማሩ። ሰው በሚያውቀው ብቸኛ ቋንቋ ለምኖ የሚሰማው ማጣት የለበትም።

እዚህም ላይ አማርኛ ረድቶናል። ስፓኒሽ ብቻ የሚናገሩ ሰዎች በካታላንኛ የሚሰቃዩባቸው ድምፆች እኛ ከልጅነታችን የምናውቃቸው ናቸው፤ «ሽ»፣ «ዥ»፣ «ዝ»፣ ከሁሉም በላይ ግዕዙ «ኧ»። በባርሴሎና ካታላንኛ ጠበቅ ተደርጎ የማይነገር «አ» እና «ኤ» ወደ «ኧ» ይቀየራል። ከተማዋን «በርሰሎነ»፣ ክልሉን «ከተሉኘ» ይሏቸዋል፤ በእኛ ፊደል ከስፓኒሽ ፊደል በተሻለ ይጻፋል። እኔ ቃላቱን በደብተሬ በግዕዝ ፊደል ነበር የምጽፋቸው፣ መምህራችንም አነጋገሬን ስትሰማ ከየት እንዳመጣሁት ትጠይቀኝ ነበር። ይህን ለሰው ሁሉ የምናገረው «ከባድ ነው» ብሎ ሳይሞክር የሚተው ወገን ስለበዛ ነው። ለእኛ ከባድ አይደለም።

ከባዱ የመናገሪያ ዕድል ማግኘቱ ነው። ካታላኖች ጥቁር ፊት ሲያዩ ወዲያውኑ ወደ ስፓኒሽ ይዞራሉ። አብዛኞቹ ለእንግዳው አስበው ነው፤ ውጤቱ ግን ለዓመታት ከኖራችሁ በኋላም እንግዳ መሆን ነው። ከዚህ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር አለ። ከኢትዮጵያ በሕፃንነታቸው በጉዲፈቻ ወደ ካታሎኒያ የመጡ ብዙ ልጆች ዛሬ ወጣት ሆነዋል። የአፋቸው መፍቻ ካታላንኛ ነው፤ ያደጉበት ከተማ፣ አያቶቻቸው፣ ትምህርት ቤታቸው ሁሉ በዚህ ቋንቋ ነው። ከእነሱ አንዷ ስትነግረኝ፣ ዳቦ ቤት ገብታ በካታላንኛ ስትጠይቅ በስፓኒሽ ይመልሱላታል፤ ደግማ በካታላንኛ ስትጠይቅ ደግመው በስፓኒሽ። በገዛ ቋንቋዋ ላይ እንግዳ ያደረጋት ፊቷ ነው። እንግዲህ «ስደተኛ ካታላንኛ ይናገር» የሚል ሰው መጀመሪያ ለጥቁር ሰው በካታላንኛ መልስ መስጠት አለበት፤ ይህን ለካታላን ጓደኞቼ ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ፣ ብዙዎቹም ትክክል ነሽ ይሉኛል። እናንተ በበኩላችሁ «ፓርሊም ኧን ከተላ፣ ሲስፕላው» በሉ፤ እባክዎ በካታላንኛ ያናግሩኝ ማለት ነው። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ከብዙ ትምህርት ይልቅ በር ይከፍታል።

እኔ ያደግሁት ድሬዳዋ ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ ገበያ ሲነገሩ፣ ሻጩም እንደ ገዢው ቋንቋውን ሲቀይር እያየሁ አድጌያለሁ። እዚያ አንድን ቋንቋ ማወቅ ሌላውን መካድ ተደርጎ ሲታይ አላየሁም። ባርሴሎና ስደርስ ሰዎች «ወይ ይህ ወይ ያ» ሲሉኝ ያልተቀበልኩት ለዚህ ይመስለኛል።

ስለ ልጆቻችሁ። ትምህርት ቤቱ በካታላንኛ ነው፤ አዲስ ለመጡ ልጆች ቋንቋውን የሚያለማምድ የመቀበያ ክፍል ያላቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። በመጫወቻ ሜዳ ላይ ስፓኒሹን ከጓደኞቻቸው ይለምዳሉ። ስለ ሁለቱም አትጨነቁ። እናንተ ቤት ውስጥ አማርኛችሁን ወይም የእናታችሁን ቋንቋ አናግሯቸው። በአውቶቡስ ውስጥ «ልጁ ግራ እንዳይጋባ በዚህ አገር ቋንቋ አናግሪው» የሚል ሰው ይገጥማችኋል። አትስሙት። በተሰበረ ስፓኒሽ የሚያናግር ወላጅ ለልጁ የሚሰጠው የተሰበረ ስፓኒሽ ነው፤ ያንን ልጁ ከጓደኞቹ በተሻለ ያገኘዋል። ከእናንተ በቀር አማርኛን የሚሰጠው ግን የለም።

የወረቀቱን ጉዳይ ባጭሩ። ለስፔን ዜግነት በሕግ የሚጠየቀው ስፓኒሽ ነው፤ ካታላንኛ አይጠየቅም። ከ2015 ወዲህ ሁለት ፈተናዎች አሉ፤ አንዱ ዴሌ በኤ2 (መሠረታዊ) ደረጃ ወይም ከዚያ በላይ፣ ሌላው ስለ አገሪቱ ሕገ መንግሥትና ባህል የሚጠይቀው ሴሴኤሴኤ (CCSE)፤ ይህኛው 25 ጥያቄ አለው፣ 15 የመለሰ ያልፋል። ሁለቱንም የሚያዘጋጀው ሰርቫንቴስ ተቋም ነው። ከላቲን አሜሪካ የመጡት በሁለት ዓመት ሕጋዊ ኑሮ ያመለክታሉ፤ ስፓኒሽ ከሚነገርባቸው አገሮች የመጡትም ከቋንቋ ፈተናው ነጻ ናቸው። እኛ በአጠቃላይ አሥር ዓመት፣ ስደተኝነታቸው የታወቀላቸው ደግሞ አምስት ዓመት እንጠብቃለን። ወረቀት ሳይኖራቸው ኖረው በማኅበራዊ ትስስር መኖሪያ ፈቃድ የሚጠይቁ ሰዎች ከግንቦት 2025 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ የሚጠበቅባቸው የቆይታ ጊዜ ከሦስት ወደ ሁለት ዓመት ወርዷል። በካታሎኒያ ለዚህ ፈቃድ በሚቀርበው የውህደት ሪፖርት ላይ የካታላንኛ ትምህርት ምስክር ወረቀት ዋጋ አለው፤ ስለዚህ የተማራችሁበትን ወረቀት ሁሉ አስቀምጡ። በክልሉ መንግሥት ቢሮዎች መቀጠር የሚፈልግ ሰው ደግሞ ለብዙዎቹ የሥራ መደቦች በሲ1 (ከፍተኛ) ደረጃ ካታላንኛ ይጠየቃል፤ ልጆቻችሁ ይህን በትምህርት ቤት ያገኙታል፣ እናንተ ግን ፈተና መቀመጥ አለባችሁ።

የት ትማራላችሁ? ለስፓኒሽም ለካታላንኛም በየሰፈሩ ያሉ የጎልማሶች ትምህርት ቤቶች ክፍያ አይጠይቁም። ለካታላንኛ ዋናው በ1989 የተቋቋመው የቋንቋ ማስፋፊያ ጥምረት ነው፤ በካታላንኛ ስሙ ኮንሶርሲ ፐር ኣ ለ ኖርመሊትዘሲዮ ሊንግዊስቲከ ይባላል። የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች በነጻ ናቸው። ፈረቃ ለሚሠራ ሰው ፓርላ ካት የተባለው የኢንተርኔት ትምህርት አለ፤ ያለ አስጠኚ የሚማሩበት ክፍል ነጻ ነው። ከሁሉም የምወደው ግን ከ2003 ጀምሮ ያለው የቋንቋ በጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም ነው። አንድ ካታላንኛ ተናጋሪ ከአንድ ተማሪ ጋር ያገናኛሉ፤ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ቢያንስ ለአሥር ሰዓት፣ ቡና እየጠጣችሁ ወይም እየተራመዳችሁ ታወራላችሁ። ክፍያ የለውም። ከእኔ ጋር የተገናኙት ጡረታ የወጡ መምህርት እስከ ዛሬ ድረስ ይደውሉልኛል፤ እኔም ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ሠርቼ እጠራቸዋለሁ።

ምዝገባው በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይከፈታል፤ ትልቁ በሴፕቴምበር ነው፣ ከዚያ በአውሮፓ የክረምትና የጸደይ ወራት ይደገማል። የጠዋትና የማታ ክፍሎች ቶሎ ስለሚሞሉ ቀኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ምንም የማታውቁ ከሆነ ከመጀመሪያው ክፍል ትገባላችሁ፤ ትንሽ የምታውቁ ከሆነ ደረጃችሁን ለመለየት አጭር ፈተና ይሰጧችኋል። መታወቂያ ይዛችሁ ሂዱ፤ የመኖሪያ ፈቃድ ገና የሌላችሁ ደግሞ ፓስፖርታችሁን ያዙ።